ዘውዱ እና የጥጥ ማተብ

ዘውዱ መሞቱን የነገረኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። ከገበያ ስመለስ ሽምብጥ መታጠፊያው ላይ ድንኳን ተተክሎ መንገዱ ጠብቦ ነበር። ሾፌሩ ቀስ እያለ ዞር ብሎ አየኝና፣ «ኤሌክትሪሻኑ ጋሽ ዘውዱ ናቸው ያረፉት። የእናቴን ቤት መስመር የዘረጉልን እሳቸው ናቸው። ያውቋቸው ነበር እማማ?» አለኝ።

«አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተናል» አልሁት።

«ታድለው!»

ሂሳቡን ሰጥቼ ከቤቴ በር ወረድሁ።

ሰው ሁሉ «ጋሽ ዘውዱ» እያለ ነው የሚጠራው። እኔ አንድም ቀን ብዬው አላውቅም፤ ዛሬ ሞተ ብዬም አልጀምርም። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ ፋብሪካው ውስጥም ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። አሁን ቅዱስ እያደረጉት ነው። ቅዱስ አልነበረም። ደረቅ ሰው ነበር፤ ሰውን በሰው ፊት ማዋረድ የማይከብደው ሰው ነበር። ያዋረደውም እኔን ነው። እኔ ያደረግሁትንም አልደብቅም፤ በቦታው እናገረዋለሁ። መጀመሪያ ግን የእሱን።

ፋብሪካው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የዘይት ፋብሪካ ነው። እኔ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። ከብሎን እስከ ሳሙና፣ ከአምፖል እስከ ቱታ፣ በእኔ መስኮት ሳያልፍ ሠራተኛ እጅ የሚገባ ዕቃ አልነበረም። ዘውዱ ደግሞ የኤሌክትሪክ ክፍሉ አለቃ ነበር።

የደቅ ሰው ነው። አባቱ ደሴቱ ላይ መሪጌታ ነበሩ፤ እሱም ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ጀምሮ፣ ከዚያ ነው ትቶ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የገባው። የመሪጌታ ልጅ መሆኑ ግን ከእጁ አልወጣም። በየኤሌክትሪክ ቦርዱ በር ላይ በቀይ ቀለም አንድ አንድ ቁጥር ጽፎ ነበር፤ በግእዝ። ትንሹ ቦርድ ላይ ፰፣ ዋናው ቦርድ ላይ ፵። ቁጥሩ ቦርዱ በብልጭታ ቢፈነዳ ፊቱ ለቆመው ሰው የሚተፋው ሙቀት መጠን ነው። ብልጭታ ስል ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ቲፍ የምትለውን አይደለም። በትልቅ ቦርድ ውስጥ ሲሆን አየሩ ራሱ እሳት ሆኖ ይወጣል፤ ሳይነኩት ያቃጥላል።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን፣ «በተለመደው ቁጥር ብትጽፈው ምናለበት? ሰው ለማንበብ ይቸገራል» አለው።

«ይቸገር» አለ ዘውዱ። «ለማንበብ ከቆመ፣ ቆመ ማለት ነው። የሚቃጠለው ሳይቆም የሚከፍተው ነው።»

ደንቡ አጭር ነበር። በልብሱ አንገትጌ ውስጥ ያለው፣ ልብሱ የሚችለውን ሙቀት የሚናገረው ቁጥር ቦርዱ በር ላይ ካለው ማነስ የለበትም። እንዲህ ያለ ቁጥር የተጻፈበት፣ እሳት እንዳይይዘው ሆኖ የተሠራ ልብስ በፋብሪካው የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በስንት ደብዳቤ ያስመጣው ዘውዱ ነው። ለተቀረው ሥራ የክፍሉን ሰዎች የወፍራም ጥጥ ቱታ ያስለብሳቸው ነበር። «ጥጥም ይቃጠላል፤ አይቃጠልም አላልሁም» ይል ነበር። «ግን አመድ ይሆንና ይራገፋል። ናይለን ይቀልጣል። የቀለጠ ልብስ አይወልቅም።»

በዚያ ዓመት የውጭ አገር እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ለሠራተኛው ሁሉ አዲስ ቱታ እንድመርጥ ታዘዝሁ። የዓምናው ጥጥ ሁለት ጊዜ ታጥቦ እግሩ ወደ ቁርጭምጭሚት፣ እጁ ወደ ክርን ሸሽቶ፣ ሠራተኛው መሳለቂያ አድርጎኝ ነበር። ዘንድሮ አልደገምሁትም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጨርቅ በጣቴ መካከል ሳሸው ይነግረኛል። ሰማያዊ ቴትሮን፣ ያንን ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ መረጥሁ። አይሸበሸብ፣ አይለቅ፣ አይሸሽ፤ ክረምት ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ባለበት እንኳ ባንድ ሌሊት የሚደርቅ። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ግዥ የለም።

የምናድልበት ቀን ሠራተኛው በመስኮቴ ተሰልፏል። ዘውዱ ተራው ሲደርስ ቱታውን ተቀብሎ ገለበጠው፤ አንገትጌውን አየ፤ ከጠርዙ አንዲት ክር በጥርሱ መዘዘ። ከኋላው ከቆመው ሰው ላይተር ተቀበለ።

«አቶ ዘውዱ፣ እዚህ እሳት ክልክል ነው» አልሁት።

«እኔም ስለ እሳት ነው የማሳይዎት እትዬ የሻረግ።»

ክሩ ተኮማተረ፤ ጠብታ ሆነ፤ ጠብታዋ መዝገቤ ላይ ወደቀች። በጥፍሩ ሊያነሣት ሞከረ። አልተነሣችም።

«ይኸ ልብስ አይደለም እትዬ፤ ማስቲካ ነው። ሰውን ማስቲካ አልብሰን ቦርድ ፊት አናቆምም» አለ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ፣ «እትዬ፣ ለእኔ የሙዝ ጣዕም ያለውን!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ የሻረግ ማስቲካ ሆነ። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ከጀርባዬ ሲያኝኩ እያስመሰሉ የሚያልፉ ነበሩ።

ትክክል ነበር። ዛሬ ይኸን ስጽፍ አልደባበቅም፤ ዘውዱ ስለ ጨርቁ ትክክል ነበር። ግን ቢሮዬ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ሊነግረኝ ይችል ነበር። የልብስ ሰፊን ልጅ ስለ ልብስ በመቶ ሰው ፊት ማስተማር አልነበረበትም።

ቱታዎቹ ለጊዜው መጋዘን ገቡ፤ እኔም ቂሜን ይዤ ተቀመጥሁ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ለንብረት ቆጠራ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍሉ ሄድሁ። ጧት ነው። ዘውዱ ሰዎቹን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አሰልፎ ይፈትሻል። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ነበረች፤ ትዕግሥት። ሠላሳ ያልሞላት፣ ምላሷ የማያርፍ ጎበዝ ልጅ።

«ትዕግሥት፣ ከሥር ምንድን ነው የለበስሽው?» አላት ዘውዱ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ጋሽ ዘውዱ፣ ይኸንንስ ባሌም ጠይቆኝ አያውቅ!»

«ባልሽ ቦርድ አይደለም። ናይለን ከሆነ ግቢና ቀይሪ።»

«ማታ እነግረዋለሁ፤ ቦርድ አይደለህም ተብለሃል እለዋለሁ።»

እሱም ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር።

ቀጥሎ «ማተብ» አለ። ሁሉም አንገታቸውን ገለጡ። በአንዱ አንገት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን በር የሚሸጠው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ማተብ ነበር። ዘውዱ ከኪሱ ሌላ ማተብ አወጣ፤ የጥጥ፣ ደብዘዝ ያለ። መጀመሪያ አዲሱን አሰረለት፤ ካሰረ በኋላ አሮጌውን በመቀስ ቆረጠ። ግድግዳው ላይ ምስማሮች ነበሩ፤ በየምስማሩ ላይ የሰው ስም ተጽፏል። አሮጌ ማተብ አይጣልምና በየስሙ ሰቅሎታል፤ አጠገቡ ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ የሚወስዷቸው የብረት መስቀሎች።

«ይኸ ምንድን ነው?» ብዬ ትዕግሥትን ጠየቅኋት።

የራሷን አንገት አሳየችኝ። «ያ የሚያብለጨልጨው ናይለን ነው እትዬ። ብልጭታ ቢይዘን አንገታችን ላይ ይቀልጣል። ይኸን እትዬ እናኑ፣ የጋሽ ዘውዱ ባለቤት፣ ፈትለው ነው የላኩልን። ካህን ባርኮታል። ጋሽ ዘውዱ፣ አንገት ለአንዲት ደቂቃም ያለማተብ አይውልም፣ ይላሉ፤ እንዳዩት አዲሱን ሳያስሩ አይቆርጡም።»

ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም። ሁሉን ሰማሁ፣ ሁሉን አየሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበራችን ነበረ። እናኑም የማኅበሩ አባል ናት፤ በዚያን ቀን ልጇ ታሞ ቀርታ ነበር። ሴቶቹ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ እንዲህ አልሁ፦ «ዘውዱ የሠራተኛውን ማተብ እየቆረጠ ምስማር ላይ ይሰቅላል። በዓይኔ አየሁት።»

ያልሁት ይኸ ብቻ ነው። ከቃሉ ውስጥ አንድም ሐሰት የለበትም። የቀረውን ግማሽ ነው ያስቀረሁት። ሙሉ ዕድሜዬን በንብረት ክፍል ያሳለፍሁ ሴት ነኝ፤ ግማሹን መዝግቦ ግማሹን ማስቀረት ምን ተብሎ እንደሚጠራ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ጀልባ ተሳፍሮ ደቅ ገባ። አባቱ፣ ሽማግሌው መሪጌታ፣ «ለበዓሉ እንዳትመጣ፤ ጉልበቴንም እንዳትስም» ብለው ላኩበት። በሚቀጥለው ማኅበር እናኑ ስትገባ ሴቶቹ ጠጋ አላሉላትም። ሁለት ጊዜ መጣች፤ ሦስተኛ አልመጣችም። እኔ ቦታዬ ላይ ነበርሁ።

ዘውዱ ማን አወራው ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። አንድ ቀን ብቻ ቴፕ ሊወስድ ወደ መስኮቴ መጣ። ፈርሞ ተቀበለ፤ አልሄደም። የሸሚዙን አንገትጌ ገለጠ።

«ይዩት እትዬ የሻረግ። ማተቤ አንገቴ ላይ አለ።»

«እኔ ምን አገባኝ?» አልሁት።

«እንጃ። እንዲያዩት ብዬ ነው» አለና ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ፣ «ከእንግዲህ በሰው አንገት እንዳትገባ» አለው። የጥጡን ማተብ ያሰረ ሁሉ በሰፈሩ እየተጠየቀ ተቸገረ። አንድ በአንድ ወደሚያብለጨልጨው ተመለሱ፤ ትዕግሥትም ጭምር። አማቷ አስገድዳት ነው አሉ። ዘውዱ ጧት ጧት «ማተብ» ማለቱን ተወ።

እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ሲቃረብ ቴትሮኑ ከመጋዘን ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ዘውዱን ቢሮው አስጠርቶ ለክፍሉ ሰዎች ልብስ ፈርሞ እንዲረከብ አዘዘው።

«ለእንግዳ ይልበሱት» አለ ዘውዱ። «ቦርድ ሲከፍቱ ግን ይቀይራሉ።»

«ፈርም።»

«ይቀይራሉ ይበሉኝና ልፈርም።»

«ዘውዱ፣ ስለ ማተቡ በአንተ ላይ የቀረበልኝ አቤቱታ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ፈርም።»

መዝገቡን ከፍቼ ያቀረብሁለት እኔ ነኝ። እስክሪብቶውንም እኔ ነኝ ያቀበልሁት። ስሙን ሲጽፍ እጁ ከባድ ነበር፤ ያ በቀይ ቀለም ቁጥር የሚያሳምር እጅ የማይነበብ ነገር ጻፈ። ያኔ ደስ ብሎኛል። ይኸንንም አልደብቀውም።

እንግዶቹ የመጡት በክረምት ነው። ጧት ከሐይቁ በኩል ከባድ ነፋስ ነበር፤ መብራት ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ። እንግዶቹ ዘይቱ ከሚሞላበት አዳራሽ ሲደርሱ ማሽኑ ሁሉ ቀጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ጠቁሮ ወደ ዋናው ቦርድ ክፍል ሮጠ። እኔም መለዋወጫ ይዤ እንድከተል ተነግሮኝ ከኋላው ነበርሁ።

ትዕግሥት በአዲሱ ቱታ ቦርዱ ፊት ቆማለች። የራስ ቆብና የፊት መከላከያዋን አድርጋለች፤ እጇ ጓንት ውስጥ ነው። ዘውዱ የለም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«ጋሽ ዘውዱ ልብሱን ሊያመጡ ሄደዋል። ቆዪ ብለውኛል።»

«እንግዳ ቆሞ የምን ልብስ ነው? ለብሰሻል አይደል? ክፈቺ!»

ወደ እኔ ዞረች። ለምን ወደ እኔ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ልብሱን ያደልኋት እኔ ስለ ሆንሁ። ቱታው ለዚህ ሥራ አይሆንም የሚል አንድ ቃል አፌ ውስጥ ነበረ። ያንን ቃል ካወጣሁት ማስቲካነቴን በራሴ አፍ መሰከርሁ ማለት ነው። ዝም አልሁ።

ከኮሪደሩ ጫፍ የዘውዱን ሩጫ ሰማሁት። ከባዱን ልብስ በሁለት ክንዱ ታቅፎ ይሮጣል። «ትዕግሥት! ቆዪ! አትክፈቺ!»

ከፍታው ነበር።

ነጭ ሆነ። ድምፁ የመጣው በኋላ ይመስለኛል፤ ወይም ጆሮዬ ዘግይቶ ነው የሰማው። ዓይኔ ሲመለስ ትዕግሥት ወለሉ ላይ ናት፤ ዘውዱ ያንን ልብስ ደርቦባት በላይዋ ተኝቶ እሳቱን ያፍናል። ጭሱ የጨርቅ ሽታ አልነበረውም፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ነው የሸተተኝ።

«መቀስ!» አለኝ።

መቀስ ሁልጊዜ ከወገቤ አይለይም። አቀበልሁት። እጅጌዋ ላይ የተጣበቀውን ትቶ ዙሪያውን ቆረጠ። ሥራ አስኪያጁ፣ «አውልቅላት እንጂ!» እያለ ይጮሃል። «አይወልቅም» አለ ዘውዱ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ከቆዳዋ ጋር አንድ ሆኗል። ውሃ አምጡ።» ፊቷን መከላከያው አድኖታል። አንገቷ ላይ ማተቡ የለም፤ በቦታው ዙሪያውን አንድ መስመር አለ። ያንን መስመር ዛሬም አየዋለሁ።

ትዕግሥት ተረፈች። ብዙ ወራት ሆስፒታል ተኛች፤ ግራ እጇ እንደ ቀድሞው አይዘረጋም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። እኔ ከዘውዱ ሁለት ወንበር አልፌ ነበርሁ።

«ልብሱን ማን ተረከበ?» አሉ።

«እኔ» አለ ዘውዱ።

«ለሥራው እንደማይሆን ታውቅ ነበር?»

«ከሁሉ በፊት አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ፈረምህ?»

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል። ዘውዱ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ረጅም ጊዜ። የሚናገር መስሎኝ ነበር፤ እንዲናገርም ፈልጌ ነበር። ማተቡን፣ ወሬውን፣ መዝገቡን ይናገርና ተከራክሬ ይለይልኝ ብዬ ነበር። «እጄን ይዞ ያስፈረመኝ የለም» አለ። በዚህ ተዘጋ። ከሥራ ያሰናበቱት እሱን ነው።

ለዚህም አዝንበታለሁ። ቢከሰኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ። ያልከሰሰኝን ሰው ምን ብዬ እመልስለታለሁ?

ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ትክክለኛውን ልብስ ምረጪ አለኝ። ዘውዱ ሲሰናበት ያስረከበው ደብተር እኔ ዘንድ ነበረ፤ እሱን ከፍቼ በመጀመሪያው ገጽ እንዳለው አደረግሁ። የቦርዱን ቁጥርና የአንገትጌውን ቁጥር አስተያየሁ። በናይለን ክር የተሰፋውን ለነጋዴው መለስሁ። ደረቱ ላይ የፋብሪካው ስም ያለበት ፖሊስተር ጨርቅ ተለጥፎ ሲመጣ አስፈታሁት። በበረኪና እንዳይታጠብ አዘዝሁ፤ የእሳት መከላከያውን ይገድለዋልና። ጡረታ ስወጣ ሥራ አስኪያጁ በዚህ አመሰገነኝ፤ የምስክር ወረቀትም ሰጠኝ። ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ። የዘውዱን ስም አልጠራሁም። እሱ ያን ጊዜ በየሰፈሩ የቤት መስመር ሲዘረጋ፣ ቁንዝላ ድረስ እየሄደ የውሃ ሞተር ሲጠግን ይውል ነበር።

ለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሄድሁ። ልሂድ አልሂድ ብዬ ሁለት ቀን አሰብሁ፤ ብቀር ያስወራብኛል ብዬ ነው የሄድሁት። ትዕግሥት አንገቷ ድረስ የሚዘጋ ልብስ ለብሳ በቀኝ እጇ ውሃ ታድላለች። የማኅበራችን ሴቶች ባንድ በኩል ተደርድረዋል። ከእናኑ አጠገብ ወንበር ተለቀቀልኝ።

«እግዜር ያጥናሽ» አልኋት።

«መጣሽ?» አለች።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት፣ «ደግ ሰው ነበር፤ ያ የማተቡ ነገር ባይኖርበት። ለመሆኑ ንስሐ ገብቶበት ይሆን?» አለች። ሌላዋ፣ «እግዜር ይፍታው እንጂ ምን እንላለን» አለች።

እናኑ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሰምታለች። ስንት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ስትሰማ እንደ ኖረች ያኔ ገባኝ፤ ዛሬም ሬሳው ከወጣበት ቤት በር ላይ ትሰማለች።

ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልሁ። «እናኑ፣ ያ ወሬ ከእኔ ነው የወጣው። አዲሱን ሳያስር አሮጌውን እንደማይቆርጥ አይቼ ነበር። ያንን አስቀርቼ ነው ያወራሁት።»

አልደነገጠችም። ወደ እኔም አልዞረችም።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለች። «እኔ እኮ ክሩን የፈተልሁት ነኝ። ለእነሱ ንገሪያቸው።»

ወደ ሴቶቹ አየሁ። አብሬያቸው ጽዋ የጠጣሁ፣ «እትዬ የሻረግ ያለችው አይነቀፍም» የሚሉኝ ሴቶች ናቸው። የቀረኝ ነገር ቢኖር በእነሱ ዘንድ ያለው ስሜ ነው። ትዕግሥት የውሃውን ጆግ ይዛ ቆማ ታየኛለች።

ተነሣሁ። «ስሙኝ» አልሁ። ወንዶቹም ወደ እኔ ዞሩ። ያየሁትን በሙሉ ተናገርሁ፤ የጥጡን፣ የካህኑን፣ መጀመሪያ ማሰሩን፣ ቀጥሎ መቁረጡን። ከዚያ የእኔን ተናገርሁ፤ የማስቲካውን ቂም፣ የእሑዱን ወሬ፣ ቦርዱ ፊት ዝም ማለቴን። ትዕግሥትን እያየሁ ልናገረው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልሁም፤ የድንኳኑን ምሰሶ እያየሁ ጨረስሁት።

ወንበሬ ከኋላዬ ነበር። ተናግሮ የጨረሰን ሰው፣ ያውም ሽማግሌ፣ ተቀመጪ ማለት ያገራችን ወግ ነው። አንድ ሰው እስኪለኝ ጠበቅሁ። ማንም አላለኝም። እኔም ሳልባል አልቀመጥም ብዬ፣ በሰው ሁሉ መካከል እንደ ቆምሁ ቀረሁ።